ቃል ውስጥ የቀሩ ጎረቤቶች

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ የምውለው ነገር ደግሞ «ዊንዶው» ይባላል። አንድ ምሽት አልሠራ ያለ ኮድ ሲያደክመኝ፣ እስቲ ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ልይ ብዬ ጎረጎርኩ። የጠበቅኩት ላቲን ነበር። ያገኘሁት ቫይኪንግ ነው።

እንግሊዝኛ «ዊንዶው»ን የተዋሰው ከጥንቱ ኖርስ ነው። እዚያ «ቪንዳውጋ» ይባል ነበር፤ «ቪንድ» ነፋስ፣ «አውጋ» ዓይን። የነፋስ ዓይን። መስታወት ባልነበረበት ዘመን መስኮት ማለት ነፋስ የሚያይበት ቀዳዳ ነበር። የዛሬ ኖርዌጂያኖች «ቪንዱ» ይሉታል። ያው ቃል ነው፤ በዘመን ብዛት ትንሽ ተበልቶ።

ታሪኩ የሚጀምረው በዘረፋ ነው። በ793 እ.ኤ.አ. ከሰሜን በመርከብ የመጡ ሰዎች ሊንዲስፋርን የሚባለውን የእንግሊዝ ገዳም ዘረፉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ትውልዶች ግን ከዛሬዎቹ ኖርዌይና ዴንማርክ የመጡት ሰዎች እዚያው ቀሩ። አረሱ፣ አገቡ፣ ወለዱ። ከጎረቤት ጋር አንድ ምንጭ ስትቀዳ ቃልም ትቀዳለህ። «ኤግ» (እንቁላል)፣ «ናይፍ» (ቢላዋ)፣ «ሎው» (ሕግ)፣ «ሃዝባንድ» (ባል) ሁሉም ከኖርስ የመጡ ናቸው። «ስካይ» ዛሬ በእንግሊዝኛ ሰማይ ነው፤ በኖርዌጂያንኛ «ሺ» ተብሎ ቢነበብም አጻጻፉ ያው ሆኖ ትርጉሙ ደመና ነው። ይባስ ብሎ «ዘይ»፣ ማለትም «እነሱ» የሚለው ተውላጠ ስም ሳይቀር የውጭ ቃል ነው። «እነሱ» የሚለውን ቃል «ከእነሱ» መዋስ! ይህ ነገር ለብዙ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ኳስ የምትወዱ ደግሞ ይህን ስሙ። ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ የምንለው «ደርቢ» ከእንግሊዝ የቦታ ስም የመጣ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ቢ» የኖርስ ቃል ናት፤ መንደር ማለት ነው። በኖርዌጂያንኛ እስከ ዛሬ ከተማ «ቢ» ተብላ ትጻፋለች። ስታዲየም ሙሉ ሰው «ደርቢ» እያለ ሲጮህ የቫይኪንግ መንደር እየጠራ ነው።

የእንግሊዝ የመጀመሪያው አታሚ ዊሊያም ካክስተን በ1490 እ.ኤ.አ. የጻፈው ወግም አለ። አንድ ነጋዴ ወደ ደቡብ እንግሊዝ ሄዶ አንዲትን ሴት እንቁላል ይጠይቃል። «ኤግስ» ይላል። ሴትዮዋ ፈረንሳይኛ አልችልም ትለዋለች። እሱም ፈረንሳይኛ ስለማይችል ይቆጣል። በኋላ ሌላ ሰው «አይረን» ሲላት ነው የገባት። ሁለቱም እንግሊዝኛ ነበር፤ አንደኛው ከኖርስ የመጣው፣ ሌላኛው የድሮው ያገሩ ቃል። በመጨረሻ ያሸነፈው የመጤው ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የመጣብኝ ጥያቄ ቀላል ነበር። እኛስ?

ቢሮ ውስጥ እንደ መዝገበ ቃላት ነው የምታየው። «አንተ ጎጃሜ ነህ፣ ይሄ እንዴት ነው የሚባለው?» ይሉኛል። ፍኖተ ሰላም ያደገ ሰው አማርኛው የጠራ ነው ተብሎ ይታመናል። እኔም አምን ነበር። የጠራ ሲባል ደግሞ ሌላ ያልገባበት፣ ያልተነካካ ማለት ይመስለኝ ነበር።

ባሕር የተሻገረው መስኮት

ከራሱ ከመስኮት ልጀምር። «መስኮት» የግእዝ ቃል ነው። ቁርኣንን የሚያውቅ ሰው ሱረቱ አን-ኑር ላይ፣ በ24ኛው ምዕራፍ 35ኛ አንቀጽ፣ «ሚሽካት» የሚል ቃል ያገኛል። መብራት የሚቀመጥበት የግድግዳ ጎድጓዳ ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ አል-ሱዩጢ በቁርኣን ውስጥ ከሌላ ቋንቋ መጡ የሚባሉትን ቃላት ሲዘረዝር «ሚሽካት» የሐበሻ ቃል እንደሆነ የቀደሙትን ጠቅሶ ጽፏል። ጀርመናዊው የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደኬም ከግእዙ «መስኮት» ጋር አገናኝቶታል።

እንግሊዞች መስኮታቸውን ከባሕር ማዶ ሲቀበሉ፣ የእኛው ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ሄዷል። ብቻውንም አልሄደም። «መጽሐፍ» ዓረብኛ ውስጥ «ሙስሐፍ» ሆኗል፤ ዛሬ የተጠረዘ ቁርኣን የሚጠራበት ስም። «ሐዋርያ» የኢየሱስ ደቀ መዛሙርት የሚጠሩበት «ሐዋሪዩን» ሆኗል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ሲሰደዱ ወደማያውቁት አገር የሄዱ ይመስለናል። ቀይ ባሕር ግን ግድግዳ አልነበረም። ዕቃ የጫነ መርከብ ሁሉ ቃልም ይጭናል።

ወንድም ቃላትና አሳሳች መልኮች

መዋስ ሌላ ነው፣ መዛመድ ሌላ ነው። እንግሊዝኛና ኖርዌጂያንኛ ተዋውሰዋል፤ ግን ከዚያ በፊትም የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አማርኛም ከግእዝ፣ ከዓረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር ሥጋ ዘመድ ነው።

ይህን ለማየት የሚጠቅመው ነገር ሕግ ነው። ለእኔ ቢጤ ኮድ ጻፊ ደስ የሚለውም ይሄ ነው፦ ድምፅ እንደፈለገ አይለወጥም። ግእዝ እጅን «እድ» ይለዋል፤ አማርኛ «እጅ»። ግእዝ «ወልድ» ይላል፤ አማርኛ «ልጅ»። «ድ» በተወሰነ ቦታ ላይ «ጅ» ሆነች። ስናማትብ «አብ ወወልድ» እንላለን፣ ወዲያው ዞር ብለን «አንተ ልጅ!» ብለን እንጣራለን፤ አንድን ቃል በሁለት ዕድሜው እየጠራነው ነው። «እጅ»ም ቢሆን የድሮ መልኩን «እደ ጥበብ» ውስጥ ደብቆ አቆይቷል።

እንግሊዝኛም እንዲህ ያለ መንታ አለው። «ሸርት» (ሸሚዝ) ያገሩ ነው፣ «ስከርት» (ቀሚስ) ከኖርስ የመጣ ነው። መነሻቸው አንድ ቃል ነበር። ተለያይተው አድገው አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገናኙ።

ጅብን እንውሰድ። በጎጃም ገጠር ያደገ ልጅ ሌሊት ድምፁን ሳይሰማ ያደረበት ቀን ጥቂት ነው። በግእዝ «ዝእብ» ይባላል። ወንድሞቹ በዕብራይስጥ «ዜኤቭ»፣ በዓረብኛ «ዚእብ» ናቸው፤ ሁለቱም ግን ተኩላ ማለት ናቸው። ስሙ ያው ሆኖ አውሬው ተለወጠ። ሰዎች አገር ሲቀይሩ መንጋቸውን ለሚያስፈራው አዲስ ጠላት የድሮውን ስም ሰጡት።

«አዲስ» ደግሞ በግእዝ «ሐዲስ» ነው፤ «ሐዲስ ኪዳን» እንደምንለው። በዓረብኛ የነቢዩ ንግግሮችና ሥራዎች የሚተረኩበት «ሐዲስ»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። አዲስ አበባ፣ ሐዲስ ኪዳንና የነቢዩ ሐዲስ አንድ ግንድ ላይ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ለመዝናኛ ብዬ የሁለት ቃላትን ፊደል የሚያወዳድር ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ፕሮግራሙ «ላም»ን ከዓረብኛው «ለሕም» (ሥጋ) ጋር ገጠመልኝ። ላም፣ ሥጋ፣ አለቀ! ብዬ ደስ አለኝ። ለካስ የግእዙ «ላህም» የሚጻፈው በሃሌታው «ህ» ነው፣ ዓረብኛው ደግሞ በሐመሩ «ሕ» ድምፅ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ድምፆች ናቸውና ሕጉ አይፈቅድም። መልክ መመሳሰል ዘመድ አያደርግም። እኛ ዛሬ ሃሌታውንም ሐመሩንም አንድ አድርገን ስለምናነብ ነው የተታለልኩት። ፊደላችን የሚያስታውሰውን ጆሯችን ረስቶታል።

የ«ለሕም» እውነተኛ ዘመድ ሌላ ቦታ ነበር። ዕብራይስጡ «ሌሔም» እንጀራ፣ ዳቦ ማለት ነው። አንዱ ጋ ሥጋ ሆነ፣ ሌላው ጋ እንጀራ፤ ሁለቱም ዋና ምግብ ነው። ቤተልሔም ማለት እንግዲህ የእንጀራ ቤት ነው። ይህን አንብቤ እንደ ትልቅ ግኝት አገር ቤት ስሄድ ለአንድ የኔታ ነገርኳቸው። ፈገግ ብለው በዘንጋቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ ጠቆሙኝ። «ልጄ፣ ያችን ቤት ምን እንላታለን?» አሉኝ። የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ናት። ስሟ ቤተልሔም ነው። እሳቸው በየሳምንቱ የሚገቡበትን ቃል እኔ ከኢንተርኔት አወጣሁት።

መንገድ ላይ ያሉ ቃላት

ከአዲስ አበባ ወደ ቡሬ ስትሄድ አባይ በረሃን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን ታልፋለህ። በዚህ መንገድ ላይ ሾፌርና ረዳት የሚያወሩትን አድምጥ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው።

ጣሊያን አገሪቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲይዝ ጎጃም አርበኛ የማይጠፋባት አገር ነበረች። ቡሬ ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር የለቀቀው በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በዚሁ አቅጣጫ አልፈው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጦሩ ሄደ፤ ካቻቢቴው ቀረ። አያቶቻችን የተዋጉትን ሰው ቋንቋ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ያለ ምንም ቂም እንናገረዋለን። ማንም መካኒክ «ፍሬን» ሲል ለጣሊያን አልተገዛም። ቃል የሚሻገረው በጉልበት ብቻ አይደለም፤ በጥቅምም ነው።

«መኪና» ራሱ ረጅም መንገደኛ ነው። ጣሊያኖቹ «ማኪና» የሚሉትን ከላቲን፣ ላቲን ደግሞ ከግሪክ ወሰደው። እንግሊዞች «ማሺን»፣ ኖርዌጂያኖች «ማሺን» ብለው ይጠሩታል፤ ትርጉሙ ሞተር ቢኖረውም ባይኖረውም ማንኛውም ማሽን ነው። እኛ ጋ ደግሞ ብቻውን ሲጠራ በብዛት ተሽከርካሪ ማለት ሆነ።

ከመስኮቱ ውጭ በክረምት የሚታየው የበቆሎ ማሳ ነው። ጃቢ ጠህናንና ቡሬ በበቆሎና በበርበሬ ይታወቃሉ። በቆሎን ሽማግሌዎች «የባሕር ማሽላ» ሲሉት ትሰማለህ። ባሕር እዚህ የት አለ? ትርጉሙ ግን «ከባሕር ማዶ የመጣ» ነው፤ ልክ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ «ባሕር ዛፍ» እንዳልነው። በቆሎ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነውና ስሙ እውነቱን ነው። እንግሊዞች «ዎልነት»፣ ኖርዌጂያኖች «ቫልነት» የሚሉት ለውዝ መሰል ፍሬም ቃል በቃል «የባዕድ ፍሬ» ማለት ነው። ብርቱካን ደግሞ ፖርቱጋል ናት፤ ዓረቦች በአገሩ ስም «ቡርቱቃል» አሏት፣ እኛ ተቀበልን። ኖርዌጂያኖች «አፐልሲን» ይሏታል፣ የቻይና ፖም። ገበሬ በዓለም ዙሪያ አንድ ነው፦ አዲስ ነገር ሲመጣ ከየት እንደመጣ ስሙ ላይ ይጽፍበታል።

ሁሉም ግን እንዲህ በግልጽ የተጻፈበት አይደለም። በጣም የቅርብ ጎረቤት የሰጠን ነገር ላይ ስም አልጻፍንም።

በሹክሹክታ የምትቆጥረው ሴት

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ቡሬ ገበያ እሄድ ነበር። አንድ ጊዜ በርበሬ የምትገዛ ሴት በአማርኛ ተከራከረች፣ በአማርኛ ተስማማች፣ ገንዘቡን ስትቆጥር ግን ከንፈሯ ሌላ ነገር ያወራል። የምትጸልይ መሰለኝ። እናቴን ስጠይቃት «በአገውኛ እየቆጠረች ነው፤ ገንዘብ በሰው ቋንቋ አይቆጠርም» አለችኝ።

ቡሬ ከአዊ ጋር ትጎራበታለች። እንጅባራ በመኪና ቅርብ ናት። እዚያ የሚነገረው አውኛ ከአራቱ የአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሌሎቹ ሰቆጣ አካባቢ ያለው ኽምጣኛ፣ ኤርትራ ውስጥ ከረን አካባቢ ያለው ቢለንኛ፣ እና ጎንደር አካባቢ የነበረውና ዛሬ ተናጋሪው ጥቂት አዛውንት ብቻ የሆነው ቅማንትኛ ናቸው። የአገው ቋንቋዎች ኩሻዊ ናቸው፤ ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ወገን። የአማርኛ የሥጋ ዘመድ አይደሉም። ጎረቤት ናቸው። ግን ምን ዓይነት ጎረቤት?

ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ተመልከቱ። ግእዝ ነው፤ «ፍኖት» መንገድ፣ «ሰላም» ሰላም። የሰላም መንገድ። ግን ቅደም ተከተሉን እዩት። ግእዙ «ፍኖተ ሰላም» ብሎ መንገዱን ያስቀድማል። እኛ «የሰላም መንገድ» ብለን መንገዱን ወደ ኋላ እንወስዳለን። ዓረብኛም ዕብራይስጥም እንደ ግእዙ ነው የሚያደርጉት። የተገለበጥነው እኛ ነን።

ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ ነው። በግእዝ «በልዐ ብእሲ ኅብስተ» ይባላል፦ በላ፣ ሰው፣ እንጀራ። በአማርኛ «ሰው እንጀራ በላ»። ግሳችንን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ በላ ይበል፣ ጣለ ይበል፣ ሰረቀ ይበል አናውቅም። አውኛም ልክ እንደዚህ ነው፤ ባለቤት ይቀድማል፣ ግስ ይከተላል። የቋንቋ አጥኚዎች ይህ የአማርኛ አካሄድ ከኩሻዊ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው፣ ጋር ለብዙ ዘመን አብሮ ከመኖር የመጣ ነው ይላሉ።

ይህ ተራ ነገር አይደለም። «ካቻቢቴ» መዋስ ቀላል ነው፤ አንድ መካኒክ ይበቃል። የዓረፍተ ነገርን አጥንት ለመለወጥ ግን ብዙ ሕዝብ፣ ብዙ ትውልድ፣ ብዙ እናቶች ያስፈልጋሉ። አገውኛ የምትናገር እናት ለልጇ በአዲሱ ቋንቋ ስታወራ በራሷ ቅደም ተከተል ነው የምታወራው። ልጁም አማርኛ ማለት እንዲህ ነው ብሎ ያድጋል። ከ1270 እ.ኤ.አ. በፊት የነገሡት ዛጔዎች ስማቸው ራሱ ከአገው ጋር የተያያዘ ነው፤ ላሊበላን ያነጹት እነሱ ናቸው። ያነጹትን ድንጋይ ዓለም መጥቶ ያየዋል። ያነጹትን ዓረፍተ ነገር ግን በየቀኑ እየተናገርነው ማንም አያየውም።

ቃላትም ሰጥተውናል። ዶሮ በቢለንኛ «ድርዋ» ናት። ዝንጀሮና ጅግራም በአገው ቋንቋዎች ዘመድ አላቸው፤ ስደተኛ ቋንቋ የአገሩን አራዊትና አዕዋፍ ስም ከባላገሩ ይማራል። ከአገውም ውጭ ያሉ የኩሽ ጎረቤቶች እጃቸው አለበት። ግእዝ ውሻን «ከልብ»፣ ውሃን «ማይ» ይላል፤ ትግርኛም ያንኑ ጠብቋል። የእኛ «ውሻ»ና «ውሃ» ግን የሚቀርቡት በሐዲይኛና በሲዳምኛ ላሉት ቃላት ነው። የጠራው የጎጃም አማርኛዬ ውሻውን ጠርቶ ውሃ ቢያጠጣው የሌላ ሰው አፍ ነው የተዋሰው።

ፋይል የሌለው ኮድ

እስካሁን የተናገርኩት አብረውን ስላሉት ነው። አሁን ስለሌለው ልናገር።

ኮምፒውተር ቋንቋዎችን የሚለይበት ዓለም አቀፍ መለያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ሦስት ሆሄ። አማርኛ ኤ ኤም ኤች ነው፣ አውኛ ኤ ደብሊው ኤን። የኢትዮጵያን ዝርዝር ሳይ ጂ ኤፍ ቲ የሚል አገኘሁ። ጋፋት።

ጋፋትኛ የአማርኛ እውነተኛ እህት ነበር፤ ሴማዊ። በጎጃም ከአባይ ዳር፣ በዚሁ በእኛው ወገን ይነገር ነበር። ከቡሬ ወደ ደቡብ መሬቱ ወደ አባይ ይወርዳል። በድሮ ዘመን ዳሞት የሚባለው አገር ከአባይ ማዶ ነበር፤ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው የሕዝቦች እንቅስቃሴ ሰዎቹ ወንዙን ተሻግረው ስሙን ይዘውት መጡ። ጋፋቶችም እንደዚሁ ወደ ጎጃም ተሻገሩ።

በ1770 እ.ኤ.አ. የግዮንን ምንጭ ለማየት ሰከላ ግሽ አባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በተለያዩ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወደ አገሩ ወሰደ። ከእነዚያ አንዱ ጋፋትኛ ነበር። በ1840ዎቹ ደግሞ ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ የጋፋት ቃላት ዝርዝር ሰበሰበ። ከዚያ በ1947 እ.ኤ.አ. ቮልፍ ሌስላው መጣ፤ የኢትዮጵያን ሴማዊ ቋንቋዎች ሲያጠና ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ብዙ ፈልጎ ቋንቋውን የሚናገሩ ያገኘው አራት ሰዎች ብቻ ነበር። እነሱን ጠይቆ የጻፈው የጋፋትኛ ጥናት በ1956 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ታተመ።

1947 ማለት በእኛ 1939 ዓ.ም. ገደማ ነው። አያቴ በዚያን ጊዜ ተወልዳለች። ቋንቋው የጠፋው በጥንት ዘመን ሳይሆን በአያቴ ዕድሜ፣ በአያቴ አገር ነው። ስጠይቃት ግን ስለ ጋፋት ቋንቋ ሰምታ አታውቅም። የምታውቀው የሰው ዘር ስም መሆኑን ብቻ ነው።

ሰዎቹ አልጠፉም። ይህ ነው ዋናው ነገር። ጋፋቶች ሞተው አላለቁም፤ ልጆቻቸው አማርኛ ተናግረው ጎጃሜ ሆኑ። ምናልባት እኔ ነኝ። ምናልባት አብሮኝ የተማረው ልጅ ነው። አማርኛ ቅርብ ዘመዱ ስለነበር ማለፉ ቀላል ነበር፤ ቃሉ ይመሳሰላል፣ ድምፁ ይመሳሰላል፣ አንድ ትውልድ ሁለቱን ይናገራል፣ ቀጣዩ አንዱን ይተዋል። ኖርስ ተናጋሪዎቹም በእንግሊዝ ያለቁት እንዲሁ ነው። ማንም አላሳደዳቸውም ባይባልም፣ በመጨረሻ ቋንቋቸው በጎረቤቱ አፍ ውስጥ ቀለጠ። ልዩነቱ፦ ኖርስ ኖርዌይ ውስጥ ልጆች ነበሩት።

ጋፋትኛ ግን ጭራሽ ወገን የለውም ማለት አይደለም። አጥኚዎች በጣም የሚቀርቡት ያሏቸው የሶዶ ክስታኔና የጎጎት ጉራጌ ቋንቋዎች ናቸው። ሶዶ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ነው፤ ከተማው ቡኢ ይባላል። የጎጃም የሞተ ቋንቋ እህት በሕይወት አለች፣ ሸዋ ላይ፣ አባይን ተሻግራ፣ በጉራጌ። አንድ የክስታኔ ልጅ መርካቶ ሱቁ ውስጥ ስልኩን አንሥቶ ከእናቱ ጋር ሲያወራ፣ የእኔን ቅድመ አያቶች ቋንቋ ከእኔ በላይ እየቀረበ ነው።

በዚህ ዘመን ሰውን በሚናገረው ቋንቋ ለይቶ ማስቀመጥ ቀላል ሆኗል። አንተ ከየት ነህ፣ ቋንቋህ ምንድን ነው፣ ንጹሕ ነህ ወይ። የቋንቋን ዝርዝር በሠንጠረዥ ሳስቀምጥ የዋልኩ ሰው ስለሆንኩ ፈተናው ይገባኛል፤ አንድ ሰው አንድ ረድፍ፣ አንድ ረድፍ አንድ ቋንቋ። ግን ሠንጠረዡ ውሸታም ነው። የእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የግእዝ ሥር፣ የአገው ቅደም ተከተል፣ የጣሊያን ፍሬንና የፖርቱጋል ብርቱካን አብረው ተቀምጠዋል። ምናልባትም ማንም ሊለየው ያልቻለ የጋፋት ትንፋሽ። የጠራ የሚባለው አማርኛ የጠራው ሰው ስላልነካው አይደለም። ብዙ ሰው ስለተናገረው ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ ለየቋንቋው አንድ አቃፊ ከፍቻለሁ፤ ጊዜ ሳገኝ ቃላት እጨምርበታለሁ። የጂ ኤፍ ቲ አቃፊ ትንሽ ነው። ሌስላው ከጻፈው በላይ አይሞላም፤ የሚጠየቅ ሰው የለም።

የኤ ደብሊው ኤን አቃፊ ግን ሌላ ነው። አውኛ በአዊ ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩበት ሕያው ቋንቋ ነው። ባለፈው ከአንድ የእንጅባራ ጓደኛዬ ቁጥር ተማርኩ። ሁለት «ላንጋ» ነው፣ «ን»ና «ግ» በአፍንጫ አንድ ላይ ተውጠው። ሰባት ደግሞ «ላንጌታ»። ገባኝ፤ አምስትና ሁለት። ስምንቱ ከሦስት፣ ዘጠኙ ከአራት ነው የሚወጣው። አንድ እጅ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው እጅ ሲኬድ ማለት ነው። እኛ አሥር ድረስ ለእያንዳንዱ የተለየ ስም ስንሸመድድ፣ እነሱ ጣታቸውን ቋንቋ ውስጥ አስቀምጠውታል።

ያቺ ሴት ቡሬ ገበያ ላይ በሹክሹክታ ስትቆጥር የነበረው ይሄንን ነው። አምስት፣ ከዚያ አንድ ጨምሮ፣ ከዚያ ሁለት ጨምሮ። እናቴ አጠገቧ ቆማ በአማርኛ እየቆጠረች ትጠብቃት ነበር። ሒሳቡ ሁለቱም ጋ አንድ ሆነ፣ በርበሬውም ተለካ።